የመረብ ኳስ ተጫዋችን ስታቲስቲክስ እንዴት እናንብብ? ባለ 20 ነጥቧና ባለ 14 ነጥቧ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ልጄ 20 ነጥብ አምጥታለች። አሰልጣኙ ግን ያመሰገነው 14 ያመጣችውን ነው። ለምን?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜዳ ዳር ተቀምጬ የተጫዋቾችን አኃዝ እመዘግባለሁ። እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸው በሃይስኩል ቡድን የሚጫወቱላቸው ወላጆች ከጎኔ ይቀመጣሉ። ጨዋታው ሲያልቅ የስታቲስቲክሱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ሀገር ቤት የትምህርት ቤት ቡድን የሚያሠለጥን ወዳጄም ይኸንኑ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው አልኩ። ወረቀታችሁን ከፊታችሁ አድርጉና አብረን እንሂድ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የአንድ ጨዋታ ሙሉ የስታቲስቲክስ ወረቀት። የልጃችሁ መስመር ብቻ ተቆርጦ የተላከ ከሆነ አይበቃም። ከታች ያለው የቡድኑ ድምር ያስፈልጋል።
- ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- የስልክ ካልኩሌተር።
- ማን በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት የሚያሳይ ዝርዝር። ካላገኛችሁ አሰልጣኙን ጠይቁ።
- ከተገኘ፣ የጨዋታው ቪዲዮ።
- ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግማሽ ሰዓት። ሲለመድ 5 ደቂቃ ይበቃል።

ለመማሪያ የምንጠቀምበት ምሳሌ

ይህን ምሳሌ ለማስረዳት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጨዋታው 4 ዙር ፈጅቷል። ቡድናችን 25 ለ 20፣ 23 ለ 25፣ 25 ለ 21 እና 25 ለ 19 ተጫውቶ 3 ለ 1 አሸንፏል። በጠቅላላው 98 ነጥብ አግኝቷል ማለት ነው።

ቁጥር 7፣ ኦፖዚት (የቀኝ አጥቂ)፦ 46 ጊዜ አጠቃች። 18ቱ ነጥብ ሆኑ፣ 6ቱ ወደ ውጭ ወጡ ወይም መረብ ነኩ፣ 5ቱ ብሎክ ተደረጉባት (መረቡ ላይ በተቃራኒ እጅ ታገዱባት)። 15 ሰርቭ (ጨዋታ የሚጀመርበት ምት)፣ 1 ኤስ (ያልተመለሰ ሰርቭ)፣ 4 ስህተት። 1 ብሎክ። ሰርቭ አትቀበልም። ጠቅላላ 20 ነጥብ።

ቁጥር 12፣ የግራ አጥቂ፦ 26 ጊዜ አጠቃች። 11 ነጥብ፣ 2 ስህተት፣ 1 ጊዜ ብሎክ ተደረገባት። 17 ሰርቭ፣ 2 ኤስ፣ 1 ስህተት። 1 ብሎክ። 24 ሰርቭ ተቀበለች፣ 1 አመለጣት። ጠቅላላ 14 ነጥብ።

ቁጥር 4፣ የመሃል ተጫዋች፦ 12 ጊዜ አጠቃች። 8 ነጥብ፣ 1 ስህተት፣ ብሎክ አልተደረገባትም። 14 ሰርቭ፣ ኤስ የለም፣ 3 ስህተት። 4 ብሎክ። ጠቅላላ 12 ነጥብ።

1. ወረቀቱ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ሁለት ዓይነት ወረቀት በብዛት ያጋጥማችኋል።

የመጀመሪያው የአሜሪካኖቹ ነው። ሃይስኩሉም ኮሌጁም የሚጠቀመው ይህንን ነው። የማጥቃቱ ዓምድ በሦስት ምልክቶች ይጀምራል። «ኬ» ነጥብ የሆነ ምት ነው። «ኢ» ስህተት ነው። «ቲኤ» ጠቅላላ ሙከራ ነው። ከዚያ ከፊቱ ዜሮ የሌለው እንደ .308 ያለ ቁጥር ይከተላል።

ሁለተኛው በአውሮፓ ሊጎች የተለመደው ነው። አብዛኛው የሚወጣው ዳታ ቮሊ ከሚባለው የጣሊያን ሶፍትዌር ነው። ነጥብ፣ ሰርቭ፣ አቀባበል፣ ማጥቃትና ብሎክ በየክፍላቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። ውጤቱ የሚነገረው በመቶኛ ነው።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? በአሜሪካው ወረቀት ብሎክ የተደረገ ምት ከስህተቱ ጋር ተደምሮ ይጻፋል። በአውሮፓው ወረቀት ግን የራሱ ዓምድ አለው። ቁጥር 7 በአሜሪካው ወረቀት 11 ስህተት አለባት። በአውሮፓው 6 ብቻ ይታያል፤ 5ቱ ከጎኑ ባለው ዓምድ ነው ያሉት። ልጅቷ ያው ናት፣ ጨዋታውም ያው ነው። ይህን ሳያዩ ሁለት ወረቀት የሚያነጻጽሩ ሰዎች ሁሌም ይሳሳታሉ።

2. ከቁጥሩ በፊት ቦታዋን ጻፉ

ከእያንዳንዷ ተጫዋች ስም አጠገብ ቦታዋን ጻፉ፦ ሴተር (ለአጥቂዎቹ ኳስ የምታነሳው)፣ ኦፖዚት፣ የግራ አጥቂ፣ መሃል፣ ሊቤሮ (ከኋላ ሆና የምትከላከለው)። ስንት ዙር እንደተጫወተችም ጻፉ።

ምክንያቱም ሥራቸው አንድ አይደለም። ኦፖዚት ብዙ ጊዜ ሰርቭ አትቀበልም፤ ሥራዋ ማጥቃት ነው። የግራ አጥቂ ሰርቭ ተቀብላ ወዲያው ሮጣ ታጠቃለች። የመሃል ተጫዋች ብሎክ ትመራለች፣ ፈጣንና አጭር ኳስ ትመታለች። ሊቤሮ ብሎክ ማድረግ አትችልም፣ ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለ ኳስም መትታ ማሳለፍ አይፈቀድላትም። ስለዚህ የሊቤሮ ነጥብ ዜሮ ሆኖ ስታዩ አትደንግጡ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ጣሊያን ወርቅ ስትወስድ ምርጥ ሊቤሮ የተባለችው ሞኒካ ዴ ጄናሮ በነጥብ ብትለካ ኖሮ ስሟ ባልተነሳ ነበር።

3. ነጥቧን ወደ ሦስት ምንጭ በትኑት

ተጫዋች ነጥብ የምታገኝበት መንገድ ሦስት ብቻ ነው፦ ማጥቃት፣ ብሎክ፣ ኤስ። ኤስ ማለት ተቃራኒው መመለስ ያቃተው ሰርቭ ነው።

ቁጥር 7፦ 18 + 1 + 1 = 20። ቁጥር 12፦ 11 + 1 + 2 = 14። ቁጥር 4፦ 8 + 4 + 0 = 12።

መበተኑ የሚጠቅመው ነጥቡ ከየት እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። የቁጥር 7 ነጥብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጣው ከማጥቃት ነው። ስለዚህ ስለእሷ የምንለው ነገር ሁሉ በማጥቃቷ ጥራት ላይ ይንጠለጠላል።

የተጫዋቾቹን ነጥብ ሁሉ ብትደምሩት 98 አይመጣም። ወደ 70 ገደማ ሊሆን ይችላል። ሰዎች «ወረቀቱ ተሳስቷል» ይሉኛል። አልተሳሳተም። ቀሪው ተቃራኒው ቡድን በራሱ ስህተት የሰጠው ነው። ያ ነጥብ በማንም ተጫዋች ስም አይመዘገብም።

4. ማጥቃቱን በሙከራ አካፍሉ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት በዚህ እርምጃ ነው።

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ኳሱ ነጥብ ይሆናል። ወይም ለተቃራኒው ነጥብ ይሆናል፤ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መረብ ይነካል፣ ወይም ብሎክ ይደረጋል። ወይም ደግሞ ጨዋታው ይቀጥላል። በመረብ ኳስ ከእያንዳንዱ ሰርቭ በኋላ አንዱ ቡድን የግድ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የተበላሸ ምት ዝም ብሎ አይቀርም፤ ተቃራኒው ሰሌዳ ላይ አንድ ይጨምራል። ስህተቱን መቀነስ ያለብን ለዚህ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦

ነጥብ የሆኑ ምቶች − ስህተት − ብሎክ የተደረጉ፣ ከዚያ ለጠቅላላ ሙከራ ማካፈል።

ቁጥር 7፦ 18 − 6 − 5 = 7። 7 ÷ 46 = 0.152።

ቁጥር 12፦ 11 − 2 − 1 = 8። 8 ÷ 26 = 0.308።

ቁጥር 4፦ 8 − 1 − 0 = 7። 7 ÷ 12 = 0.583።

ቁጥር 7 በ46 ምት ለቡድኗ ያተረፈችው 7 ነው። ቁጥር 12 በ26 ምት 8 አትርፋለች። ከቁጥር 7 በ20 ኳስ ባነሰ አንድ አብልጣ ሰጠች ማለት ነው። አሰልጣኙ ያየው ይህንን ነው።

በአውሮፓው ወረቀት የምታዩት መቶኛ ግን ሌላ ነው። እሱ ነጥብ የሆኑትን ብቻ ለሙከራ ያካፍላል፤ ስህተት አይቀንስም። በዚያ ስሌት ቁጥር 7 በመቶ 39፣ ቁጥር 12 በመቶ 42 ይሆናሉ። ልዩነታቸው ጠበበ። «ተቀራራቢ ናቸው» ብላችሁ እንዳታልፉ። ከጎን ያሉትን የስህተትና የብሎክ ዓምዶች አንብባችሁ ራሳችሁ ቀንሱ።

ጥሩ የሚባለው ስንት ነው? በልምድ የሚሠራበት ግምት አለ። ለግራ አጥቂና ለኦፖዚት ከ.200 በላይ ደህና ነው፣ ከ.300 በላይ በጣም ጥሩ ነው። ለመሃል ተጫዋች ከ.350 በላይ ይጠበቃል። ዜሮ ማለት የሰጠችውና ያስወሰደችው እኩል ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ በዚያ ቀን ማጥቃቷ ለተቃራኒው ነበር የጠቀመው።

አሁን ለቁጥር 7 ፍትሐዊ እንሁን። የመሃል ተጫዋች ኳስ የሚደርሳት ሰርቩ በደንብ ሲነሳ ነው። ሴተሯ መረቡ ስር ቆማ በፈጣን ኳስ ታስመታታለች። ብዙ ጊዜ ከፊቷ ያለው አንድ ብሎከር ነው። ኦፖዚትና የግራ አጥቂ ግን ጨዋታው ሲበላሽ የሚጣልላቸውን ከፍ ያለ ኳስ ሁሉ ይቀበላሉ። ከፊታቸው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው ዘሎ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ 0.583ን ከ0.152 ጋር አስተያይቶ «ቁጥር 4 ከቁጥር 7 ትበልጣለች» ማለት ልክ አይደለም። ኦፖዚትን ከኦፖዚት፣ መሃልን ከመሃል አስተያዩ።

ቪዲዮ ካላችሁ አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። ከ46ቱ ኳሶች ስንቱ ጥሩ ተነስቶ ደረሳት? ስንቱ የተበላሸ ኳስ ነበር? 30ው የተበላሸ ከነበረ፣ ችግሩ ከእሷ ሳይሆን ከአቀባበሉ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓው ወረቀት ግርጌ ላይ ለቡድኑ ይህን ከፋፍሎ ያሳያል፦ ከጥሩ አቀባበል በኋላ፣ ከመጥፎ አቀባበል በኋላ፣ በመልሶ ማጥቃት።

5. ሰርቩን በሁለት ዓይን እዩ

ኤስና ስህተት ጎን ለጎን ይጻፉ። ቁጥር 7፦ 1 ለ 4። ቁጥር 12፦ 2 ለ 1።

ስህተት ሲበዛ ወዲያው አትፍረዱ። በከፍተኛ ደረጃ ዘለው በኃይል የሚመቱ ተጫዋቾች ለአንድ ኤስ ሁለት ሦስት ስህተት ይሠራሉ፤ አሰልጣኞቻቸውም ይቀበሉታል። ከባድ ሰርቭ ኤስ ባይሆን እንኳ የተቃራኒውን አቀባበል ያበላሻል። ይህ ግን በሰርቭ መቺዋ መስመር ላይ አይጻፍም። ቀስ አድርጋ የምታሳልፍ ልጅ ግን 4 ካበላሸች ሌላ ጉዳይ ነው። የሰርቩን ዓይነት ማወቅ አለባችሁ።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ቡድን ነጥብ ባገኘ ቁጥር ቀጥሎ ሰርቭ ያደርጋል። 98 ነጥብ ያገኘ ቡድን በግምት 98 ሰርቭ ይኖረዋል። ለ6 ሰው ስናካፍለው ለእያንዳንዷ 16 ገደማ ይደርሳል። ሁሉንም ዙር ተጫውታ 22 ወይም 23 ሰርቭ ያላት ካገኛችሁ፣ እሷ ሰርቭ ላይ ስትሆን ቡድኑ ደጋግሞ ያገባል ማለት ነው። ኤስ ባይኖራትም ተራዋ ያስፈራል።

6. አቀባበሉን በአራት ደረጃ አንብቡ

ወላጆች ይህን ክፍል ዘለው ነው የሚያልፉት። እኔ ደግሞ ከማጥቃቱ ቀጥሎ የማየው ይህንን ነው። ሰርቩ በደንብ ካልተነሳ ሴተሯ ምርጫ አይኖራትም። ምርጫ ከሌላት ተቃራኒው ብሎክ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።

በአሜሪካ አሰልጣኞች ዘንድ የተለመደው ከ0 እስከ 3 መስጠት ነው።

3፦ ኳሱ ሴተሯ እጅ ላይ ደረሰ። ለማንም መስጠት ትችላለች።
2፦ ሴተሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። የመሃሉን ፈጣን ኳስ ለማስመታት ያስቸግራል፤ ጎኖቹ ግን አሉ።
1፦ ተነስቷል፤ ግን ከፍ ያለ ኳስ ለአንድ ሰው ከመጣል ሌላ አማራጭ የለም።
0፦ አመለጠ። ለተቃራኒው ኤስ ሆነ።

ቁጥር 12 ከ24 ሰርቭ 8 ጊዜ 3፣ 6 ጊዜ 2፣ 9 ጊዜ 1፣ 1 ጊዜ 0 አገኘች እንበል። 8 × 3 = 24። 6 × 2 = 12። 9 × 1 = 9። ድምሩ 45 ነው። 45 ÷ 24 = 1.88። ከ2 በላይ የሆነ አማካይ ጥሩ ነው። 1.88 በየኳሱ እየሮጠች ለምታጠቃ ልጅ የሚናቅ አይደለም።

በአውሮፓው ወረቀት ይኸው አቀባበል በሁለት መቶኛ ይጻፋል። ጥሩ የሚባለው 3ንና 2ን ይይዛል፦ 14 ÷ 24 = በመቶ 58። ፍጹም የሚባለው 3ን ብቻ ይይዛል፦ 8 ÷ 24 = በመቶ 33። ፍጹሙ በጥሩው ውስጥ ተቆጥሯል። 58ን እና 33ን ደምሮ «91 ነው» ያለኝ ሰው አለ። አይደመርም።

ስንት ሰርቭ እንደተቀበለችም እዩ። ተቃራኒ ቡድን ደካማ የመሰለችውን ሰው መርጦ ይመታል። ከአራት አንዱ ሰርቭ ሳይሆን ከሁለት አንዱ ወደ አንዲት ልጅ ከሄደ፣ ሆን ተብሎ ነው። እንዲያም ሆኖ አማካይዋን ካልጣለች ትልቅ ሥራ ሠርታለች።

7. ብሎኩን ሳትቸኩሉ ቁጠሩ

የአሜሪካው ወረቀት አንዲት ተጫዋች ብቻዋን ያደረገችውን ብሎክ ከጋራ ብሎክ ይለያል። ብቻዋን ካደረገች 1 ነጥብ። ከሌላ ሰው ጋር ካደረገች ግማሽ። 1 የብቻና 4 የጋራ ብሎክ ያላት ልጅ 1 + 2 = 3 ነጥብ ነው የሚጻፍላት። አንዳንዴ በወረቀቱ ላይ 13.5 ነጥብ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም አቀፍ ወረቀት ብሎክ ለአንድ ሰው ሙሉ ነጥብ ሆኖ ይሰጣል።

ኳሱን ነክታ ያቀዘቀዘች ብሎከር ነጥብ አታገኝም። ከኋላዋ ያለችው ግን በቀላሉ ታነሳዋለች። ይህን ለማየት ቪዲዮ ያስፈልጋል።

8. ሴተሯንና ሊቤሮዋን በሌላ ሚዛን መዝኑ

የሴተር ቁጥር በአሜሪካው ወረቀት «አሲስት» ይባላል። ያነሳችው ኳስ ወዲያው ነጥብ ሲሆን አንድ ይቆጠርላታል። አጥቂዋ ወደ ውጭ ካወጣችው፣ አነሳሷ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይቆጠርም። ስለዚህ አሲስትን ብቻ አትዩ። የቡድኑን የማጥቃት ውጤት በእርምጃ 4 ስሌት አውጡ። ኳሱን ለማን እንዳከፋፈለችም እዩ። ሁሉም ነገር ለአንዲት ልጅ ከሆነ ብሎኩ ያቺን ልጅ ይጠብቃታል።

በ2025 ባንኮክ ላይ ጣሊያን ቱርክን 3 ለ 2 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮናን ስትወስድ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለችው ሴተሯ አሌሲያ ኦሮ ናት። በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ ከአጥቂዎቹ ጎን አትገኝም።

ለሊቤሮ የእርምጃ 6ን አቀባበል ቀድሙ። ከዚያ «ዲግ» የሚለውን ዓምድ ጨምሩ። ዲግ የተመታን ኳስ ማንሳት ነው። ተቃራኒው በቀላሉ ያሳለፈው ኳስ ግን ዲግ አይባልም። ብዙ ዲግ ሁሌም ምስጋና አይደለም። ፊት ያለው ብሎክ ሲላላ ወደ ኋላ የሚሄደው ኳስ ይበዛል፣ ዲግም አብሮ ይበዛል።

9. ከሰጠችው ላይ ያስወሰደችውን ቀንሱ

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጉ። ከነጥቧ ላይ ስህተቷን ሁሉ ቀንሱ፦ የማጥቃት ስህተት፣ ብሎክ የተደረገባት፣ የሰርቭ ስህተት፣ የአቀባበል ስህተት። የአውሮፓው ወረቀት ይህን ራሱ አስልቶ በነጥብ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ቁጥር 7፦ 20 − (6 + 5 + 4) = 5።
ቁጥር 12፦ 14 − (2 + 1 + 1 + 1) = 9።
ቁጥር 4፦ 12 − (1 + 0 + 3) = 8።

20 ነጥብ ያላት ልጅ ሦስተኛ ሆነች። ለልጃችሁ ይህን ስትነግሩ ግን ተጠንቀቁ። የተበላሹትን ኳሶች ሁሉ የተሸከመችው እሷ ልትሆን ትችላለች። እርምጃ 4 ላይ የነገርኳችሁን ቪዲዮ ሳታዩ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» አትበሏት።

10. በዙር አካፍሉ፣ ጨዋታዎችንም ደምሩ

ጨዋታ በ3 ዙርም ያልቃል፣ በ5 ዙርም ያልቃል። በ3 ዙር 12 ምት ያገባች በዙር 4 ናት። በ5 ዙር 15 ያገባች በዙር 3 ናት። ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ኤጎኑ በ2018ቱ የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ በቻይና ላይ 45 ነጥብ አስቆጥራለች፤ ጨዋታው ሙሉ 5 ዙር ሄዷል። በዙር 9 ነጥብ ነው። እንዲህ ስትካፈል እንኳ የማትቀንስ ልጅ ብርቅ ናት።

አንድ ጨዋታ ይዛችሁ አትፍረዱ። 6 ጊዜ ብቻ አጥቅታ 4 ያገባች፣ ምንም ያላበላሸች ልጅ .667 ይጻፍላታል። በሚቀጥለው ቀን 6 አጥቅታ 1 ልታገባ ትችላለች። ቢያንስ የ5 ጨዋታ ሙከራዎችንና ስህተቶችን ደምራችሁ እንደገና አስሉ። የየጨዋታውን ውጤት ደምሮ ለ5 ማካፈል ግን ስህተት ነው። 6 ሙከራ ያለበት ጨዋታ 40 ሙከራ ካለበት ጋር እኩል ይመዝናል። መጀመሪያ ሙከራውን ሁሉ ደምሩ፣ ከዚያ አንዴ አካፍሉ።

ወረቀት ለሌላችሁ፦ በእጅ መመዝገብ

ለትምህርት ቤት ቡድን ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ ሉክ ወረቀት ላይ የተጫዋቾችን ቁጥር ወደ ታች ጻፉ። ወደ ጎን ሦስት ዓምድ ብቻ አስምሩ፦ ማጥቃት፣ ሰርቭ፣ አቀባበል።

ለማጥቃትና ለሰርቭ፦ ነጥብ ከሆነ +፣ ከተበላሸ −፣ ከቀጠለ 0። ብሎክ የተደረገ ምት − ነው። ለአቀባበል 3፣ 2፣ 1፣ 0 ጻፉ። የብሎክ ነጥብን በቁጥሯ ጎን በአንድ ጭረት ያዙ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሁሉንም ለመያዝ አትሞክሩ። አቀባበልን ብቻ ያዙ። በሁለተኛው ማጥቃትን ጨምሩ። ሁሉንም በአንዴ የጀመሩ ሰዎች በሁለተኛው ዙር እስክሪብቶውን ይጥላሉ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ አይቶ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ። የሚያየው ሰው ዓይኑን ወደ ወረቀት ባወረደ ቁጥር አንድ ኳስ ያመልጠዋል።

ማስጠንቀቂያ

- አቀባበልን ደረጃ የሚሰጠው ሰው ዓይን ነው። አንዱ 3 ያለውን ሌላው 2 ይለዋል። የሁለት የተለያዩ መዝጋቢዎችን የአቀባበል ቁጥር አታወዳድሩ።
- የራሳችሁን ልጅ የምትመዘግቡ ከሆነ ሌላ ሰው ያግዛችሁ። ለልጅ ሲሆን 2 በቀላሉ 3 ይሆናል።
- የአንድ ጨዋታ ወረቀት ለቡድኑ ሁሉ በሚደርስ የስልክ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ከዜሮ በታች የወጣች የ15 ዓመት ልጅ በጓደኞቿ ፊት ታነበዋለች።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- .250 የሚለውን «ከመቶ 25 ኳስ አገባች» ብሎ ማንበብ። አይደለም። ስህተቱ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። ያገባችው ከዚያ በላይ ነው።
- የወንዶችንና የሴቶችን ቁጥር ማስተያየት። መረቡ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። በወንዶች ከፍተኛ ደረጃ ሰርቭ የሚቀበለው ቡድን ከሦስቱ ሁለቱን ያህል ነጥብ ይወስዳል፤ በሴቶች ኳሱ ብዙ ይመላለሳል፣ ዲጉም ይበዛል።
- ተቃራኒውን መርሳት። በመጨረሻው ቡድን ላይ የተገኘ .400 እና በአንደኛው ላይ የተገኘ .220 ጎን ለጎን አይቀመጡም።
- ባዶውን ሳጥን ዜሮ ብሎ ማንበብ። ኦፖዚቷ አቀባበል ላይ ባዶ የሆነችው ስላልቻለች አይደለም፤ ሥራዋ ስላልሆነ ነው።

ጥያቄ ስትልኩልኝ ሦስት ነገር አያይዙ፦ ሙሉውን ወረቀት፣ የልጅቷን ቦታ፣ የተጫወተችበትን ዙር ብዛት። ቪዲዮ ካለ ደግሞ የተበላሹትን ኳሶች ቆጥራችሁ ቁጥሩን ጻፉልኝ።